እናት የተወለደችበት ቀን

አትላንታ ውስጥ፣ አውበርን ጎዳና ላይ፣ በቀይ ጡብ የተሠራ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አቤኔዘር ባፕቲስት። ወደዚያ የሚዘልቀው ጎብኚ የሚመጣው ማርቲን ሉተር ኪንግን ፍለጋ ነው። ከአግዳሚዎቹ በአንዱ ይቀመጣል፣ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀውን የሰባኪውን ድምፅ ያዳምጣል፣ ፎቶውን አንስቶ ይወጣል። የሰባኪው እናት በዚሁ አዳራሽ፣ ኦርጋን ፊት እንደተቀመጡ በጥይት መገደላቸውን ብዙ ሰው አያውቅም።

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ሰኔ 23 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 1974። ወይዘሮ አልበርታ ዊሊያምስ ኪንግ የጌታን ጸሎት፣ የእኛን «አባታችን ሆይ»፣ በኦርጋን እየተጫወቱ ነበር። ከኦሃዮ የመጣ አንድ ወጣት ከምእመናኑ መካከል ተነስቶ ተኮሰ። የገዳዩን ስም እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ የእናቲቱን ስም ለማስታወስ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ ሊያገኝ አይገባም። ዲያቆን ኤድዋርድ ቦይኪንም አብረው ተገደሉ፤ አንዲት ሴት ቆሰሉ። አልበርታ ወደ ግሬዲ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ አልተረፉም። ትልቁ ወንድ ልጃቸው ሜምፊስ ላይ ከተገደለ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር፤ ታናሹ አልፍሬድ ዳንኤል በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ከተገኘ ደግሞ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ገዳዩ ሞት ተፈረደበት። የኪንግ ቤተሰብ ግን የሞት ቅጣትን ስለሚቃወም ሰውዬው እንዲሞት አልፈለገም፤ ኋላም ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ለእኛ ሰው ያች ሳምንት የምትታወቀው በሌላ ነገር ነው። ከዚያ እሑድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 21፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ደርግ ተመሠረተ። አቤኔዘር እናቱን በሚያለቅስበት ሰሞን እኛ አገር የሚሆነውን ማንም አያውቅም ነበር። ዛሬ በአትላንታ ዙሪያ፣ በክላርክስተን፣ በቱከርና በዲኬተር ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹን ወደዚህ ከተማ ያመጣቸው መንገድ የተጀመረው በዚያች ሳምንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ ሞታቸው ለማውራት አይደለም። አልበርታ ኪንግ ልደት አላቸው፤ ሴፕቴምበር 13። አዘውትሮ መስከረም 3 ላይ ይውላል፤ እንቁጣጣሽ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ አትላንታ ውስጥ ያሉ የሐበሻ ቤቶች ገና ቄጤማቸውን ሳይጠርጉ። ዓመቱን በተመለከተ መዛግብቱ አይስማሙም። አንዱ 1903 ይላል፣ ሌላው 1904። በእኛ ቆጠራ ስናየው ክርክሩ ጥሩ መልክ ይይዛል። በመጀመሪያው ከሄድን መስከረም 2 ቀን 1896፣ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በሁለተኛው ከሄድን መስከረም 3 ቀን 1897፣ ዘመነ ማቴዎስ። የሰላም ኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው እናት፣ በአሜሪካ ትልቅ ከተማ የተወለዱ የሰባኪ ልጅ፣ የልደት ዓመታቸው እንደ ጎጃም ባላገር እናት በዮሐንስና በማቴዎስ መካከል ይዋልላል።

ሰውን ከሞቱ ቀን ተነስቶ ማስታወስና ከልደቱ ቀን ተነስቶ ማስታወስ ለየቅል ናቸው። ከጁን 30 ብንነሳ አልበርታ የምናገኛቸው የተገደሉ አሮጊት፣ የተገደለ ሰው እናት ሆነው ነው። ከሴፕቴምበር 13 ስንነሳ ግን መጀመሪያ የምናገኘው አንዲት ሕፃን ልጅ ነው። አባቷ ቄስ አዳም ዳንኤል ዊሊያምስ ይባላሉ። በ1894 እ.ኤ.አ. 13 አባላት ብቻ የነበሩትን አቤኔዘርን ተረክበው ከከተማዪቱ ዝነኛ ቤተ ክርስቲያናት አንዱ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። እናቷ ጄኒ ሴለስት ፓርክስ ነበሩ። አልበርታ በስፔልማን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ተማረች፤ ቀጥላ ቨርጂኒያ ሄዳ ሃምፕተን ገባችና በ1924 የመምህርነት የምስክር ወረቀት ያዘች።

ማስተማር ግን ብዙ አልቆየላትም። በዚያ ዘመን የአትላንታ ትምህርት ቦርድ ያገባች ሴት እንድታስተምር አይፈቅድም ነበር። ኖቬምበር 25 ቀን 1926፣ የምስጋና ቀን በሚሉት በዓላቸው ዕለት፣ ማይክል ኪንግን ስታገባ ሰሌዳውና ጠመኔው ቀሩ። ባልዋ ከገጠር ጆርጂያ ትምህርቱን ሳይጨርስ የመጣ ጎበዝ ሰባኪ ነበር፤ ኋላ ስሙን ማርቲን ሉተር አለው፤ የልጁም ስም በዚያው ተለወጠ። እሷም ትምህርቱን አልተወችውም። ሦስት ልጆች ወልዳ፣ የቄስ ሚስት ሆና፣ የመዘምራን ኃላፊ ሆና፣ በ1938 ከሞሪስ ብራውን ኮሌጅ በዲግሪ ተመረቀች። እንዳታስተምር የከለከላት ቦርድ ይህን ያውቅ ነበር ብዬ አላስብም፤ እኔ ግን ሳስበው ደስ ይለኛል።

ከሁሉ በላይ ሙዚቀኛ ነበረች። የአቤኔዘርን መዘምራን አደራጅታ፣ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለአርባ ዓመት ያህል በኦርጋን መርታለች። ትንሹ ማርቲን ገና ሕፃን ሳለ በየቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሲዘምር ፒያኖውን የምትጫወትለት እሷ ነበረች። ያ ድምፅ በኋላ ዋሽንግተን ላይ ሩብ ሚሊዮን ሕዝብ ፊት ሲቆም ሰው ሁሉ ስብከቱን ከአባቱና ከአያቱ ወረሰ አለ። ትንፋሹን የት እንደሚይዝ፣ ቃሉን የት እንደሚያሳርፍ፣ መቼ ከፍ መቼ ዝቅ እንደሚል የተማረው ግን ከእናቱ ፒያኖ ሥር ይመስለኛል። የእኔ ግምት ነው፤ ግን እናቱ ስታንጎራጉር እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ግምት የሚነቅፈኝ አይመስለኝም።

በ1939 ዲሴምበር ላይ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የሚባለው ስለ ደቡቡ ባላባቶች የተሠራው ታላቅ ፊልም አትላንታ ላይ ተመረቀ። በዋዜማው ለነጮች በተዘጋጀው ጭፈራ ላይ የአቤኔዘር መዘምራን እንዲዘምሩ ተጋበዙ፤ የባሪያ ልብስ ለብሰው። አልበርታ መራቻቸው። የ10 ዓመቱ ማርቲንም በዚያ ልብስ ከመዘምራኑ ጋር ነበር። የከተማው ጥቁር ቄሶች ባልዋን በዚህ ክፉኛ ነቀፉ። ያን ምሽት በዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጇን በባሪያ ልብስ እያየች እጇን ለዜማ ስታነሳ፣ ምን እንዳሰበች የጻፈ የለም። ያው እጅ ግን ቀደም ሲል ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጦ ነበር። ነጭ ጓደኛው ከእንግዲህ አብሮት እንዳይጫወት በተከለከለ ጊዜ ስለ ባርነትና ስለ ዘር መለያየት የነገረችው፣ ከማንም እንደማያንስም ያስረዳችው እሷ መሆኗን ልጁ ጽፎታል።

እሷም ደግሞ የእናት ልጅ ነበረች። ሜይ 18 ቀን 1941 እናቷ ወይዘሮ ጄኒ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ዝግጅት ላይ ድንገት አረፉ። አያቱን እጅግ የሚወደው የ12 ዓመቱ ማርቲን በሐዘን ከቤቱ ፎቅ ላይ ዘለለ። ታሪኩ ሁሉ ስለ ልጁ ዝላይ ይተርካል። እናቷ የሞቱባት ግን አልበርታ ነበረች።

በዚህ ከተማ ልደት ከሞት ቀድሞ እንዲታሰብ ያደረገች ሌላ እናት አለች። ወይዘሮ ኮሬታ ስኮት ኪንግ፣ የአልበርታ ምራት፤ እሳቸውም በቦስተን የድምፅ ሙዚቃ የተማሩ ሙዚቀኛ ነበሩ። ባለቤታቸው ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ተገደሉ። ከአራት ቀን በኋላ የምክር ቤት አባሉ ጆን ኮንየርስ የኪንግ የልደት ቀን የአገር በዓል እንዲሆን የሚጠይቅ ረቂቅ አቀረቡ። ኮሬታም ገና የሙት ዓመቱ ሳይደርስ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1969፣ የባለቤታቸውን 40ኛ ልደት አትላንታ ላይ አሰቡ። ከዚያ በኋላ የመጣው 15 ዓመት የሚጠጋ ሙግት ነው። ስቲቪ ወንደር በ1980 ለዚሁ ዘመቻ የልደት ዘፈን አወጣ፤ ዛሬ የጥቁር አሜሪካውያን ልደት ያለዚያ ዘፈን አይከበርም፤ አትላንታ የተወለዱ የእኛም ልጆች ኬክ ሲቆርሱ የሚዘፍኑት እሱን ነው። ስድስት ሚሊዮን ፊርማ ተሰበሰበ። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1983 ፈረሙ፤ በዓሉ በ1986 መከበር ጀመረ።

ኮሬታ ባለቤታቸው የተገደሉበትን ቀን ሊመርጡ ይችሉ ነበር። ቀኑ የታወቀ፣ ቁጣውም ትኩስ ነበር። እሳቸው ግን ሕዝቡ በየዓመቱ ወደ ተመቱበት የሜምፊስ ሰገነት እንዲመለስ አላደረጉም፤ ወደ 501 አውበርን ጎዳና፣ ሕፃኑ ወደ ተወለደበት ቤት መለሱት። አልበርታ ልጇን የወለደችበት ቤት ማለት ነው። ጃንዋሪ 15 ላይ አንዲት እናት ምጥ ይዟት እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው እንጂ፣ በዓሉ የእሷም በዓል ነው።

ኮሬታ ራሳቸው በ2006 ጃንዋሪ 30 ሲያርፉ አስከሬናቸው በጆርጂያ ግዛት ምክር ቤት አዳራሽ በክብር ተቀመጠ፤ ለሴትም ለጥቁርም የመጀመሪያው ነበር። ከባላቸው ጎን፣ በውኃ በተከበበው መቃብር ተቀበሩ። ኤፕሪል 27 ቀን 2023፣ በሕይወት ቢኖሩ 96 ዓመት በሚሞላቸው ዕለት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ በስማቸው የተሰየመ የሰላምና የጽሞና የአትክልት ቦታ ተመረቀ። የመታሰቢያው ቀን የተመረጠው ከልደታቸው ነው። ያሸነፉት ክርክር ለራሳቸውም ደረሰ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ከተማ ስንመጣ ይዘነው የመጣነው መቁጠሪያ ሌላ ነው። ሰው ሲሞት ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ ይቆጠራል፤ አቅሙ ያለው ሰባት ዓመቱንም ያወጣል። አትላንታ ውስጥ አርባው ረቡዕ ላይ ቢውል ወደ ቅዳሜ ይገፋል፤ ሥራ ነዋ። ፍትሐቱ ግን አይቀርም። ዕድሩ ተጠርቶ፣ ሴቶቹ ሌሊቱን ሲሠሩ አድረው፣ አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ጸሎት ይደርሳል፣ ዝክሩ ይበላል። ሙስሊሙም ወገናችን ዱዓውንና ሰደቃውን እንዲሁ ያደርሳል። አስከሬኑ አገር ቤት እንዲገባ የሚፈልግ ቤተሰብ ቀድሞ በሌላ ከተማ በኩል ነበር የሚልከው። ከሜይ 2023 ወዲህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አትላንታ ስለሚገባ መንገዱ አጥሯል። ይህን ሥርዓት አልነቅፍም፤ እኔንም በክፉ ቀኔ ያቆመኝ እሱ ነው። ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተው፣ በቀን ቁጥር ቀስ እያደረገ ወደ ኑሮ የሚመልስ ጥበብ ነው።

ልደትስ? የእናቶቻችንን ልደት የሚያውቅ ማን ነው? ባላገር የተወለደች እናት ልደቷን የምትቆጥረው በበዓልና በዘመን ነው፤ «ለጥምቀት ዋዜማ»፣ «ለሰኔ ሚካኤል ማግስት»፣ «ጣልያን የወጣ ዕለት»፣ «አንበጣ የመጣ ዓመት»። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ፣ ቁጥር 760፣ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው 2008 ሊያልቅ ሲል። ከዚያ በፊት ልደት የሚጻፈው በሰው ልብ ውስጥ ነበር። ስለዚህ እናቶቻችን ወደ አሜሪካ ሲመጡ በወረቀቱ ላይ አንድ ቀን ይጠየቃል፣ መልስ የሌለው ሁሉ ጃንዋሪ 1 ይባላል። ስደተኛ በብዛት በሚኖርባት በክላርክስተን ጃንዋሪ 1 የተወለደው ሰው ብዛት ሌላ የትም ያለ አይመስለኝም፤ ሶማሌው፣ ኮንጎው፣ አፍጋኑ፣ ሐበሻው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ነው፤ ጊዮርጊስ።

የእኔም እናት የጃንዋሪ 1 ልጅ ነበረች። የልጅ ልጆቿን ለማሳደግ ከቢቸና መጥታ፣ እህቴ ቤት ቱከር ውስጥ ስትኖር፣ ልጆቹ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ጠዋት ኬክ ይዘው ይዘፍኑላት ነበር። ትቆርስላቸውና «ይኼ የወረቀቱ ልደት ነው» ትላለች። የራሷን ስትጠየቅ ግን ሁልጊዜ የምትናገረው ስለ ክርስትናዋ ነበር። «ክርስትና የተነሳሁት ለኅዳር ጽዮን ነው። ጃንሆይ ኢዮቤልዩ ባከበሩ ሰሞን።» ከሞተች በኋላ፣ አርባዋ ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እህቴ ይችን አንዲት ቃል ይዛ ወረቀትና እርሳስ አወጣች።

ሴት ልጅ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ወንድ በአርባው። ባላገሩ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም፤ ቀኑን ቄሱም እናትም ይቆጥሩታል። ኅዳር ጽዮን ኅዳር 21 ነች። ከዚያ ወደ ኋላ ሰማንያ ቀን፣ የተወለደችበትን ቀን አንድ ብለን ስንቆጥር፣ የኅዳር 21፣ የጥቅምት 30፣ የመስከረም 29፤ እናቴ መስከረም 2 ቀን ተወለደች። የጃንሆይ የብር ኢዮቤልዩ፣ የነገሡበት 25ኛ ዓመት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1948 ዓ.ም. ነው የተከበረው፤ ክርስትናዋ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ነው። እንግዲህ መስከረም 2 ቀን 1948። ሉቃስ ጳጉሜንን ስድስት ስላደረጋት ያ ዓመት እንቁጣጣሹ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ እናቴ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1955 ተወለደች ማለት ነው። በአልበርታ ኪንግ ልደት። አቤኔዘርን እንደ ጎብኚ ማየቴን ትቼ ስለ ኦርጋን ተጫዋቿ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሰማንያ የሚለው ቁጥር ከዚያ ወዲያ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስም ይወጣላታል፣ ስትሞትም ሰማንያዋ ይታሰባል። ሥርዓታችን ልደትን አልረሳም፤ በክርስትናው ውስጥ ቀብሮ አስቀምጦልን ነበር። ማንም ሰው የእናቱን የክርስትና ስምና የተነሳችበትን በዓል ካወቀ ልደቷን ቆፍሮ ሊያወጣ ይችላል። እናትየው ካለፈች የክርስትና እናቷ ልጆች ያውቁ ይሆናል፤ ጎረቤት፣ ያዋለደች አዋላጅ፣ በዚያው ሰሞን የወለደች የአጎት ሚስት። እነዚህ ሰዎች እያለቁ ነው። ስልክ መደወል ያለበት ሰው ካለ ዛሬ ይደውል።

የእናትን ልደት ማክበር ባዕድ ነገር ነው የሚል ካለ ግንቦት ልደታን ያስታውስ። የእመቤታችን ልደት ነው፤ ግንቦት 1። መላው ሠፈር ከደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ የአንዲት እናት መወለድ ይከበራል። ልደታ በአሜሪካኖቹ ሜይ 9 ናት፤ የእናቶች ቀን ከሚሉት፣ ከሜይ ሁለተኛ እሑድ ጋር ትጎራበታለች። ያ ቀን ደግሞ አነሳሱ ሙት ዓመት መሆኑን ስንቱ ያውቃል? አና ጃርቪስ የምትባል የዌስት ቨርጂኒያ ሴት እናቷ አን ሪቭስ ጃርቪስ በሜይ 9 ቀን 1905 ሞቱባት፤ በልደታ ዕለት። ሜይ 10 ቀን 1908 እናቷ ባገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ አደረገችና 500 ነጭ አበባ ላከች። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በ1914 ቀኑን ለአገሩ ሁሉ አወጁት። በደቡቡ ጥቁር ቤተ ክርስቲያናት ውስጥ እስካሁን፣ በዚያ እሑድ፣ እናቱ በሕይወት ያለችለት ቀይ አበባ ደረቱ ላይ ይሰካል፣ የሞተችበት ነጭ። ገብቶ ያየ ሰው አዳራሹን በአንድ እይታ ያነብበዋል።

አልበርታ የተቀበሩት ሳውዝ ቪው በሚባለው፣ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች በ1886 ባቋቋሙት መካነ መቃብር ነው። እዚያ እንደ ልጃቸው መቃብር ሰልፍ የለም። የመጀመሪያ ልጃቸው ክሪስቲን ኪንግ ፋሪስ ግን እናታቸው በተማሩበት በስፔልማን ኮሌጅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አስተምረዋል። እናትየዋ በማግባታቸው የተነጠቁትን ሰሌዳ ልጅየዋ ያዙት። ያረፉት በ2023፣ ጁን 29 ነው። ከሞቱ ቀናት ይልቅ ግን የልደቶቹ ቀናት ደስ ይሉኛል፤ ክሪስቲን የተወለዱት ሴፕቴምበር 11 ነበር፣ እናታቸው ሴፕቴምበር 13። በእንቁጣጣሽ ሰሞን እናትና ልጅ አንድ ቤት ውስጥ በሁለት ቀን ልዩነት ልደት ነበራቸው። አንድ ሰው በዚያ ሰሞን አትላንታ ካለ፣ አውበርን ጎዳና ላይ ለልጃቸው ብለው ከሚሄዱት ጋር ሄዶ የእናትየዋን ስም ጮክ ብሎ ቢጠራ ምንም አይጎድልበትም።

የእናቴን የመጀመሪያውን እውነተኛ ልደት ያከበርነው በ2018 ዓ.ም.፣ መስከረም 2 ነው። ዓርብ ዋለ። የጾም ቀን! እህቴ ከእንቁጣጣሽ ከተረፈው ዶሮ ይሠራል ብላ ያሰበችው ሁሉ ፈረሰ። «እሷ በልደቷ ጾም ልታስፈርሰን ነው እንዴ?» አለች፤ ሽሮና ምስር ተሠራ፤ እናቴ የምትወደው የተልባ ፍትፍትም። ልጆቹ ያለ ኬክ ልደት የለም ስላሉ ክላርክስተን አጠገብ ካለ የሐበሻ ዳቦ ቤት የጾም ኬክ ተገዛ። ቡናው ተቆላ፣ ረከቦቱ ተዘረጋ። የሐዘን ልብስ የለበሰ ሰው አልነበረም፤ እህቴ የእናቴን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ሰው የተናገረው ስለ መጨረሻ ሕመሟ አልነበረም። ልጅ ሳለች ከብት ስትጠብቅ ወንዝ ስላሻገራት አጎት፣ ትምህርት ቤት ለመግባት ስላለቀሰችው ለቅሶ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ስለተቋረጠው ትምህርት፣ በሠርጓ ቀን ስለጠፋው ጫማ ነበር። ከእነዚህ ታሪኮች ግማሹን በአርባዋ ላይ አልሰማሁም።

ቢቸና ያለችው ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ በስልክ ገብታ ነበር። ልጆቹ ኬኩ ላይ ሰባት ቁጥርና ዜሮ ሲሰኩ አየች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰባ ዓመት ነው አክስቴ፤ ብትኖር ሰባ ይሞላት ነበር።»

«ማን አባቱ ነው ሰባ ያላት?» አለችኝ። «እሷ የማቴዎስ ልጅ ናት። ዮሐንስማ እኔ ጡት የጣልሁለትን ወንድሜን የቀበርንበት ነው፤ እናታችን በሐዘን ነበረች። በማቴዎስ ነው የወለደቻት። ስድሳ ዘጠኝ በላት።»

«እሷ እኮ ኢዮቤልዩ ሰሞን ነው ትል ነበር።»

«እሷ ምን ታውቃለች? ሕፃን ነበረች እኮ!»

እህቴ ስልኩን ተቀብላ ኢዮቤልዩው በየትኛው ወር እንደነበረ፣ ክርስትናውን የትኛው ቄስ እንዳነሱ መጠየቅ ጀመረች። ትልቁ ልጇ ዜሮውን ነቅሎ ዘጠኝ ቁጥር ፍለጋ ወደ መሳቢያው ሄደ፤ ታናሿ ደግሞ «አያቴ ራሷ ካለች ሰባ ነው» ብላ ሰባቱን በእጇ ጨበጠች። አክስቴ የክርስትና እናቷ ልጅ አሁንም እንዳለችና ነገ ጠዋት ገበያ ስትወርድ እንደምትጠይቃት ነገረችን።